የፕሮሶፒስ መሬት ምን ይሁን? ማክሰል፣ ፈጭቶ መመገብ፣ ነቅሎ ማልማት ወይስ መተው

መሬታችሁን ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም መጤ ዛፍ ወሮታል እንበል። አፋር ውስጥ አሚባራ ይሁን ገዋኔ፣ ድሬዳዋ ዙሪያ ይሁን ፈንታሌ። አንዱ መጥቶ "ከሰል ነው፣ ብር ነው" ይላችኋል። ሌላው "ፍሬው መኖ ነው፣ ለምን ይቆረጣል?" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "ዶዘር አስገብታችሁ ጥረጉት" ብሎ ይመክራል። ሦስቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ግን ላንዱ መሬት የሠራው ለሌላው አይሠራም። እዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው የት እንደሚያዋጣ አሳያለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አንድን አማራጭ የምመዝነው በሚያስገባው ብር ብቻ አይደለም። ሥራው ካለቀ በኋላ ጉቶውና ዘሩ የት ደረሱ? የምጠይቀው ይሄንን ነው። ጉቶው መሬት ውስጥ ከቀረ፣ ዘሩም ከተበተነ፣ ዛሬ ያገኛችሁት ገቢ የከርሞውን እሾህ እያሳደገ ነው። ብዙ በጎ ሐሳብ ያለው ሥራ የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ተክሉ የሚያሸንፈው እንዴት ነው?

ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሜክሲኮ፣ የመካከለኛው አሜሪካ፣ የካሪቢያንና የሰሜናዊ ደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያመጡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። በመካከለኛው አዋሽ የጥጥ እርሻዎችና ሰፈሮች ዙሪያ ነፋስ እንዲከላከል፣ ጥላ እንዲሆን፣ አፈር እንዲይዝ ነበር የተተከለው። ቶሎ ያድጋል፣ ድርቅ ይችላል፣ ጨዋማ አፈር ላይ ይበቅላል። የተወደደው በነዚህ ጠባዮቹ ነበር። ከእጅ የወጣውም በነዚሁ ነው። ዛሬ በአፋር ክልል ብቻ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። በሶማሌ ክልል፣ በድሬዳዋና በምሥራቅ ኦሮሚያ ቆላዎችም ገብቷል።

የመስፋፋቱ ምስጢር ሁለት ነው። አንደኛው ዘሩ ነው። ፍሬው ረጅም፣ ቢጫና ጣፋጭ ነው፤ ፍየልም ከብትም ግመልም እየለቀመ ይበላዋል። ዘሩ ግን ጠንካራ ስለሆነ ሆድ ውስጥ አይፈጭም። እንዲያውም ከሆድ ሲወጣ ለመብቀል ይቀናዋል። በመካከለኛው አዋሽ ተመራማሪዎች እበትና በጠጥ ሰብስበው ዘሩን ቆጥረው ነበር። አንድ ኪሎ የከብት እበት ውስጥ እስከ 2,833፣ አንድ ኪሎ የፍየል በጠጥ ውስጥ እስከ 760 የፕሮሶፒስ ዘር ተገኝቷል። አንድ መንጋ በቀን ስንት ኪሎ እንደሚጥልና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ አስቡት። ዘሩ ማዳበሪያው አብሮት አለ፣ ማጓጓዣውም ነጻ ነው። የቀረውን ደግሞ ጎርፍና የመስኖ ቦይ ያደርሱታል።

ሁለተኛው ጉቶው ነው። ፕሮሶፒስን ከመሬት በላይ ብትቆርጡት አይሞትም። ከግንዱ ሥር፣ አፈር ለበስ ካለው ክፍል፣ የሚያቆጠቁጡ እንቡጦች አሉት። አንድ ግንድ ቆርጣችሁ ስትመለሱ አሥር ቀጫጭን፣ እሾሃቸው የበረታ ቅርንጫፎች ቆመው ታገኛላችሁ። ፊት ከነበረው አንድ ግንድ ይልቅ አሁን ለሰውም ለከብትም የማያሳልፍ ጥሻ ይሆናል።

የውሃውም ነገር ቀላል አይደለም። በ2021 የታተመ የአፋር ጥናት አንድ ዛፍ በአማካይ በቀን ወደ 7 ሊትር እንደሚጠጣ ለክቷል። በክልሉ ባለው ስፋት ሲባዛ በዓመት ከ3.1 እስከ 3.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ውሃ ወደ 460,000 ሄክታር ጥጥ ያጠጣ ነበር። ድርቅ በየጊዜው በሚመታው አካባቢ ይህን ቁጥር ሳነብ ያመኛል።

አርብቶ አደሩን የጎዳው ግን ከቁጥርም በላይ ነው። ፕሮሶፒስ በመጀመሪያ የያዘው የአዋሽን ዳርቻ ነው። ያ ሜዳ የበጋ ግጦሽ ነበር። ሌላው አገር ሲደርቅ መንጋው የሚወርድበት መጠባበቂያ ነው። እዚያ ሣሩ ሲጠፋ ዓመቱን ሙሉ የሚያዘው የግጦሽ ዙር ፈረሰ። ግራሩ ተገፋ። እሾሁ የከብት ሰኮና ይወጋል፣ የመኪና ጎማ ያፈነዳል። ጥሻው ጅብ ይደብቃል።

ጉዳቱ የኛ ብቻ አይደለም። በኬንያ ባሪንጎ የኢልቻሙስ ሰዎች ይህን ተክል ባስገባው መንግሥታቸው ላይ ክስ ሲመሠርቱ፣ ጣፋጩን ፍሬ ስትበላ ኖራ ጥርሷ ያለቀ ፍየል ናይሮቢ ፍርድ ቤት ድረስ ወስደው አሳይተዋል። በማሊ ባንዲያጋራ አካባቢ ደግሞ በመንደሮች ውስጥ የፕሮሶፒስ አበባ ያለባቸው ቅርንጫፎች ሲቆረጡ የወባ ትንኝ ቁጥር ከግማሽ በላይ መቀነሱ በ2017 ታትሟል። ትንኟ ከአበባው ጣፋጭ ፈሳሽ ትቀስማለች፤ በደረቁ ወቅት ሌላ አበባ በማይገኝበት ጊዜ ዕድሜዋን የሚያራዝመው እሱ ነው። ቤታችሁ አጠገብ ያለውን ፕሮሶፒስ በዚህ ዓይንም ተመልከቱት።

ጥቅሙን ካልተናገርኩ ግን ፍርዴ ሚዛናዊ አይሆንም። እንጨቱ ከባድና ጥሩ የሚነድ ነው። ለአጥር፣ ለቤት ማገር፣ ለማገዶ ይሆናል። አበባው ንብ ያበላል። ናይትሮጅን ወደ አፈር ይመልሳል። በረሃ ላይ ጥላ ነው። ማገዶ ፍለጋ ሩቅ ትሄድ የነበረች ሴት ዛሬ ከደጇ ትለቅማለች፤ ይህን "ይጥፋ" ብላችሁ ስትነሱ መጀመሪያ የሚጎድልባት እሷ ናት። ስለዚህ ምርጫው ጠቃሚና ጎጂ በሚል ብቻ አይቆረጥም። የሚቆረጠው በመሬቱ ዓይነት ነው።

አንደኛው አማራጭ፦ ከሰል

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ገንዘቡ ቶሎ ይገባል። ገበያው ዝግጁ ነው፤ አዲስ አበባና አዳማ ከሰል ይፈልጋሉ። መሣሪያውም መጥረቢያ፣ ገጀራና አካፋ ነው። እንጨቱ ይቆረጣል፣ ይከመራል፣ በቅጠልና በሣር ይለበሳል፣ አፈር ይደፋበታል፣ ከዚያ በቀስታ እንዲከስል ይተዋል። አክሳዩ የሚያነበው ጭሱን ነው። መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ነው፤ ውሃው እየወጣ ነው ማለት ነው። ቀጥኖ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ከሰሉ ደርሷል፤ ያኔ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። ያልተደፈነ አንድ ቀዳዳ ክምሩን ሙሉ አመድ ያደርገዋል።

እስካሁን ጥሩ ነው። ችግሩ ከቆረጣው ላይ ነው። ሰውየው የሚከፈለው ባስገባው የከሰል ጆንያ ቁጥር ነው። ስለዚህ የሚፈልገው ወፍራሙን ግንድ ነው። ቀጭኑንና እሾሃሙን ይተወዋል። ለመጎንበስም እሾሁ አያስጠጋውም፤ ስለዚህ ጉልበት አካባቢ ይቆርጠዋል። ጉቶው ይቀራል። ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቁጣል። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ከሰል የሚሆን እንጨት ይገኛል፣ መሬቱ ግን ግጦሽ አይሆንም። በዚህ አካሄድ ፕሮሶፒስ አልጠፋም፤ በየጊዜው የሚታጨድ ሰብል ሆነ።

ይህን ሁለት ቦታ ላይ በግልጽ አይተነዋል። በአፋር ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፋርም አፍሪካ በተባለ የእርዳታ ድርጅት እገዛ የአሚባራና የገዋኔ ማኅበራት ፕሮሶፒስን ብቻ እንዲያከስሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። ሰፊ ቦታ ተቆረጠ፤ ማኅበራቱም ገቢ አገኙ። ውሎ አድሮ ግን አገር በቀሉ ግራርም በፕሮሶፒስ ስም ጆንያ ውስጥ እየገባ አስቸገረ፣ ፈቃዱም ተነሣ። ከሰል ሆኖ ከታሰረ በኋላ የቱ ግራር የቱ ፕሮሶፒስ እንደሆነ ኬላ ላይ ማን ይለየዋል? በሕንድ ጉጃራት የባኒ ሣር ምድርም እንዲሁ ነው። ፕሮሶፒስ በ1961 የበረሃውን መግፋት ያቆማል ተብሎ ተተከለ። የከሰል ክልከላው በ2004 ተነሣ፣ በ2008 ተመልሶ ተጣለ። ዛፉ ዛሬም እዚያው አለ።

ታዲያ ከሰልን ተዉት እያልኩ ነው? አይደለም። ጥቅጥቅ ብሎ ሰው የማያሳልፍ ጥሻ ላይ ከሰል የመጀመሪያ ቆረጣውን ወጪ የሚሸፍን ብቸኛው ነገር ሊሆን ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ክፍያው መቀየር አለበት። በጆንያ ብቻ አትክፈሉ፤ ጉቶው ከነእንቡጡ ወጥቶ ለታየ መሬት ክፈሉ። ግማሹን ክፍያ ጉቶው እስኪወጣ ያዙ። አክሳዩ ብዙ ጊዜ ከሌላ አካባቢ ለሥራ የመጣ ነው፣ መሬቱ ደግሞ የጎሳው። እሱ ነገ ይሄዳል፤ ጉቶው ከእናንተ ጋር ይቀራል። ውሉ ላይ ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ከሰሉን አትጀምሩት። የክልሉ ፈቃድ መኖሩንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ደንቡ በየጊዜው ሲቀያየር ኖሯል።

ሁለተኛው፦ ፍሬውን ፈጭቶ መመገብ

ይህን አማራጭ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ዘሩን ይገድላል። ፍሬው ላይ ጣፋጩ ሥጋ ኃይል ይሰጣል፣ ዘሩ ውስጥ ደግሞ ፕሮቲን አለ። ከብቱ ሙሉውን ሲበላ ፕሮቲኑ በጠንካራው ልባስ ውስጥ ተዘግቶ ይወጣል፤ በእበት ሜዳ ላይ ይበቅላል። ስትፈጩት ሁለት ነገር ታገኛላችሁ፦ መኖው ይሻላል፣ ዘሩም ይሞታል። ከላይ የቆጠርነውን 2,833 ዘር በወፍጮ ማስቀረት ማለት ነው።

አፈጫጩ ላይ ትንሽ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፍሬው ስኳር ስላለው እርጥበት ካለው ወፍጮው ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ወንፊቱን ይደፍነዋል፣ ባለ ወፍጮው ሁለተኛ አያስገባችሁም። ስለዚህ ሸራ ላይ አስጥታችሁ በደንብ አድርቁት። በእጅ ስትሰብሩት ጧ ብሎ የሚሰበር ከሆነ ደርሷል፤ የሚታጠፍ ከሆነ አልደረሰም። በጧት ጤዛ ሳይሆን ፀሐይ ከበረታ በኋላ አስፈጩት። ወፍጮው በመዶሻ የሚፈጭ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ከተፈጨ በኋላ ዱቄቱን በትኑና እዩት። ሙሉ ዘር ካለ ወንፊቱ ሰፍቷል፤ መልሳችሁ አስፈጩት። ዱቄቱም እርጥበት ስለሚስብ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ፍሬውን ሳይፈጩ ብዙ ማቆየትም አይመከርም፣ ነቀዝ ይገባዋል።

መጠኑ ላይ አትሳሳቱ። ፕሮሶፒስ ብቻውን መኖ አይደለም። ለረጅም ጊዜ በብዛት የበላ ከብት የመንጋጋው ነርቭ ይጎዳል። አፉ ይጣመማል፣ ማኘክ ያቅተዋል፣ እየከሳ ይሄዳል። በብራዚል ይህ በሽታ በደንብ የታወቀ ነው። ዱቄቱን ከጠቅላላ መኖው ከአንድ አምስተኛ አታሳልፉት። የቀረው ገለባ፣ ሣር፣ ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ ይሁን። በድርቅ ጊዜ ግን "ሌላ ስለሌለ" ተብሎ ፍሬው ብቻ ይሰጣል። ያኔ ነው ጉዳቱ የሚመጣው፤ ከብቱን ከረሃብ አውጥታችሁ ለሌላ ሞት እንዳትሰጡት።

ለሰውም ይበላል። በፔሩ ከዘመዱ ፍሬ አልጋሮቢና የሚባል ሽሮፕ ይሠራል። እኛ ጋ ይህ ገበያ አልተለመደም፣ ስለዚህ ተስፋችሁን እዚህ ላይ አትጣሉ።

ደካማ ጎኑ ምንድን ነው? ዛፉን አይነካውም። እንዲያውም ፍሬው ዋጋ ሲያወጣ ዛፉን የሚጠብቅ ሰው ይኖራል። ንጹሕ መሬት ላይ "መኖ ስለሚሆን ልትከለው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በምንም መንገድ አትፍቀዱ። የፍሬ ለቀማ ዋጋ የሚኖረው ቀድሞ በተወረረ ቦታ ላይ ነው፤ የዘሩን ጉዞ እየገታ፣ ነቀላው እስኪደርስ ጊዜ ይገዛል። ደግሞም ሴቶችና ወጣቶች ያለ ብዙ መነሻ ገንዘብ የሚገቡበት ሥራ ነው። ማኅበር ካላችሁ አንድ ወፍጮ ለብዙ ቤት ይበቃል።

ሦስተኛው፦ ነቅሎ መሬቱን መያዝ

ዞሮ ዞሮ መሬቱን የሚመልሰው ይህ ነው። ከባድም ነው። መንቀል ሲባል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ፤ ሰው ሲያደባልቃቸው ነው የሚደክመው።

ገና ችግኝ የሆነውን፣ ከጉልበት በታች ያለውን፣ ከዝናብ በኋላ በእጅ ንቀሉት። አፈሩ ርጥብ ሲሆን ሥሩ ይከተላል። ወፍራም ጓንት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ልጅ በአንድ ጧት የሚነቅለውን ችግኝ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለመጣል መጥረቢያና ዶማ የያዘ ጎልማሳ ይፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ያደገው ላይ መጀመሪያ የጎን ቅርንጫፎቹ በገጀራ ይመለመላሉ፤ ካልሆነ ግንዱ ጋ አትደርሱም። ከዚያ በግንዱ ዙሪያ በዶማ ትቆፍራላችሁ። የምትፈልጉት ሥሩን ሙሉ ማውጣት አይደለም፤ የፕሮሶፒስ ዘመድ የሆነ ዛፍ ሥር በአሪዞና አንድ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። ያንን ማንም አያወጣውም። አስፈላጊም አይደለም። የሚያቆጠቁጠው ከመሬት ገጽ አጠገብ ያለው ክፍል ስለሆነ ከአፈሩ በታች ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ወርዳችሁ ቁረጡት። ወፍራም ግንድ ላይ ጨምሩበት። ከዚያ በታች ያለው ሥር ይሞታል። ይህች የአንድ መዳፍ ያህል ጥልቀት ናት ድካሙን ሁሉ የምትወስነው፤ እሷን ለመቆጠብ ከላይ የቆረጠ ሰው ሥራውን እንደገና ይሠራዋል።

ዶዘር ፈጣን ነው፣ ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ በትክክል አይሠራም። ምላጩ መሬት ገጽ ላይ ከሄደ ግንዱን ሰብሮ ጉቶውን ይተወዋል። ዘሩንም ከአፈር ጋር ያደባልቃል። ዶዘር ካስገባችሁ ከሥር የሚነቅል ጥርስ እንዲኖረው ጠይቁ፣ ኋላውንም ዶማ የያዘ ሰው ይከተል። እሳትም መልስ አይደለም፤ ችግኙን ሊያቃጥል ይችላል፣ ትልቁ ግን ከሥር ይመለሳል።

ከነቀላው እኩል የሚከብደው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ባዶ የተተወ መሬት የፕሮሶፒስ መሬት ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በአሚባራና በገዋኔ ከፕሮሶፒስ አጽድተው በመስኖ በቆሎ፣ ሰሊጥና ጥጥ ያመረቱ አሉ፣ ያየው ሰው ይገረማል። ማረሻና ኩትኳቶ ራሱ ችግኙን ያጠፋዋል። ግን ውሃው ተቋርጦ ወይም ገንዘብ ጠፍቶ መሬቱ ጥቂት ወቅት ጦም ካደረ ተመልሶ ይያዛል፣ ሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ዘንድሮ ማልማት የምትችሉትን ያህል ብቻ ንቀሉ። አሥር ሄክታር ጠርጎ ሁለቱን ከማረስ፣ ሁለት ነቅሎ ሁለቱን ማረስ ይበልጣል።

መስኖ ከሌላችሁ ሣር ዝሩ። እኔ ለአርብቶ አደር መሬት ከእርሻ ይልቅ ሣሩን እመርጣለሁ። የአካባቢውን ሣር፣ ድርቅ የሚችለውን፣ ከዝናብ በፊት ዘርታችሁ እስኪበረታ ከብት አታስገቡበት። አጭዶ መሸጥም ይቻላል። በባሪንጎ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው የተመለሰው የሣር መሬት በሦስት አሥርተ ዓመታት ገደማ የአፈሩን ካርቦን መልሷል፤ ፕሮሶፒስን "ካርቦን ይይዛል" ብሎ መተው ግን ከግጦሹ ጋር ያጣላል። ካርቦን ለያዘ ዛፍ የሚከፈል ገንዘብ ይመጣል እያሉ ጥሻው እንዲቆይ የሚመክሯችሁ ካሉ ይህን ንገሯቸው።

በአጭሩ የማልፋቸው

ማሳሳት የሚባል አለ። ጥሻውን ቀንሶ፣ አንድ አንድ ግንድ ብቻ ትቶ፣ የታችኛውን ቅርንጫፍ መልምሎ እንደ ዛፍ ማሳደግ። ሣር ከሥሩ ይበቅላል፣ እንጨትም ፍሬም ይገኛል። ለሰፈር ጥላ ጥሩ ነው። ለሰፊ ሜዳ ግን አልመክረውም፤ እያንዳንዱ የቆመ ዛፍ በየዓመቱ ዘር ያፈራል፣ ቅርንጫፍ መልማዩም ካልተመለሰ ጥሻው ይመለሳል።

ኬሚካል ሌሎች አገሮች ይጠቀማሉ። ትራይክሎፒር የሚባለውን ፀረ አረም መድኃኒት ከናፍጣ ጋር ቀላቅለው የተቆረጠ ጉቶ ላይ ወዲያው ይቀባሉ። ይሠራል። ግን ውድ ነው፣ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፣ አዋሽ ዳር ደግሞ ሰውም ከብትም የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው። ከወንዝና ከቦይ አጠገብ አትሞክሩት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጉቶ ላይ ማፍሰስንም እንደዚሁ።

ነፍሳትን መልቀቅ የመንግሥትና የተመራማሪዎች ውሳኔ እንጂ የእናንተ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ከ1987 ጀምሮ ዘር የሚበላ ጢንዚዛ ለቃለች፤ ጥቅሙ የተወሰነው ከብቶቹ ፍሬውን ከጢንዚዛው ቀድመው ስለሚበሉት ነው። አውስትራሊያ በ1998 የለቀቀችው ቅጠል የሚያጠቃ የእሳት እራት በፒልባራ አካባቢ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። አገራችን በጥንቃቄ ልታስብበት የሚገባ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ሚሊዮን ሄክታርን በዶማ ብቻ መጨረስ አይቻልም።

መተውስ? ወጪ የሌለው ይመስላል፤ ግን የሚከፍለው ጎረቤት ነው። መተው የሚያስኬደው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ሩቅና ጥቅጥቅ ያለ፣ ዛሬ አቅም የማይደርስበት ጥሻ። እዚያም ቢሆን ከብት ፍሬ በሚረግፍበት ጊዜ እንዳይገባ ማድረግ ያስፈልጋል።

ታዲያ የናንተ የትኛው ነው?

መሬታችሁ ገና ንጹሕ ከሆነ፣ ወይም እዚህም እዚያም ጥቂት ችግኝ ካለ፣ ሌላ አማራጭ አትፈልጉ። ንቀሉ። ያላችሁን ገንዘብና ጉልበት ሁሉ መጀመሪያ እዚህ ላይ አውሉት። ሰው ግን በተፈጥሮው ወደ ጥቅጥቁ ነው የሚሮጠው፤ እዚያ ችግሩ ይታያልና። የማዝነው በዚህ ነው፤ በአንድ ሄክታር ጥሻ ላይ የሚወጣው ጉልበት ገና ያልተያዘ ሰፊ ግጦሽ ያድን ነበር።

ውሃ የሚደርስበት፣ ጎበዝ የእርሻ ማኅበር ያለበት መሬት ከሆነ፣ ከሰሉን ለወጪው መሸፈኛ አድርጋችሁ ጉቶውን አውጡና በዚያው ወቅት ዝሩ። ከሰል፣ ነቀላና ዘር በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተያያዙ አትጀምሩ።

መስኖ የሌለው የግጦሽ መሬት፣ መካከለኛ ስፋት ያለው ጥሻ ከሆነ፣ ከዳር ወደ ውስጥ እየነቀላችሁ ሣር ዝሩ። ከመሃል አትጀምሩ። ከመንጋ መንገድና ከውሃ ጉድጓድ ዙሪያ ቅድሚያ ስጡ፣ ዘሩ የሚበተነው ከዚያ ነውና። ነቀላው እየሄደ ከፊት ለፊቱ ያለው ጥሻ ፍሬ ተለቅሞ ይፈጭ።

ሰፈር ውስጥና ቤት አጠገብ ከሆነ ለጥላ የሚሆኑ ጥቂቶችን አሳስታችሁ አስቀሩ፣ ግን አበባቸው የወባ ትንኝ እንደሚቀልብ እያወቃችሁ። በምትኩ ግራር ወይም ሌላ አገር በቀል ጥላ ዛሬውኑ ትከሉ፤ እሱ ሲደርስ ፕሮሶፒሱ ይወጣል። ማገዶ የሚለቅሙ ሴቶችን ሳትጠይቁ ግን ምንም አትቁረጡ። የትኛው ጥግ ለማገዶ እንደሚቆይ እነሱ ይምረጡ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር በሽማግሌዎች ፊት ይወሰን። የጸዳው መሬት የማን ነው? ከሰሉና ፍሬው ያስገባው ገንዘብ ለማን ይደርሳል? በሚቀጥሉት ዝናቦች ችግኝ ነቃዩ ማን ነው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ቢያንስ ለአራትና ለአምስት ዓመት፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር፣ የጸዳውን መሬት በእግር የሚዞር ሰው በስም መመደብ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ደግሞ መሬቱ ንጹሕ ለሆነ ሰውም ይጠቅማል። ከተወረረ አካባቢ ከብት ወይም ፍየል ከገዛችሁ ወይም ካመጣችሁ በቀጥታ ወደ ሜዳችሁ አትልቀቁ። ለአንድ ሳምንት ያህል በረት ውስጥ ሌላ መኖ እያበላችሁ አቆዩ። በሆዱ የያዘው ዘር እዚያው በረቱ ውስጥ ይወጣል። እበቱንና በጠጡን ወደ ማሳ አትበትኑት፣ አንድ ቦታ ከምሩትና የበቀለውን ችግኝ እዚያው ላይ ንቀሉ።